የዋጋ ግሽበት «ወረደ» ሲባል ዋጋ ወረደ ማለት ነውን?

«የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ሸማቹ ገበያ ወጥቶ የጤፉንና የዘይቱን ዋጋ ይጠይቅና «ታዲያ የቱ ላይ ነው የቀነሰው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል።

በቅድሚያ፣ የግሽበቱን ቁጥር የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አይደለም። ከየገበያው የችርቻሮ ዋጋ ሰብስቦ የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት (የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ) ነው። ብሔራዊ ባንክ በራሱ የሚያጠናቅረው ባንኮች የሚያቀርቡለትን የተቀማጭና የብድር ሪፖርት፣ የገንዘብ አቅርቦትን፣ የውጭ ምንዛሪ ክምችትንና የክፍያ ሚዛንን ነው። ሁለቱን ዓይነት አኃዞች ጎን ለጎን እያየ ይወስናል። ለምሳሌ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር ዓመታዊ ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ የጣለው፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ ያስተዋወቀው ግሽበትን ለመግታት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አንድ ቤተሰብ በወር የሚሸምተው ዕቃ 100 ብር ያወጣ ነበር እንበል። በዓመቱ 130 ብር ቢሆን ግሽበቱ 30 በመቶ ነው። በሁለተኛው ዓመት 143 ብር ቢገባ ጭማሪው ከ130 ብር ላይ 13 ብር ስለሆነ ግሽበቱ 10 በመቶ ይሆናል። ግሽበቱ ከ30 ወደ 10 ወረደ፤ ዕቃው ግን ከ130 ወደ 143 ብር ወጣ። የቀነሰው የዋጋው የሩጫ ፍጥነት እንጂ ዋጋው አይደለም።

ጉዳቱ የሚብሰው በቆጣቢው ላይ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ከላይ ያነሳነው ቤተሰብ 100 ብሩን በዚህ ወለድ ቢያስቀምጥ በሁለት ዓመት 114 ብር ከ49 ሳንቲም ይደርስለታል። ዕቃው ግን 143 ብር ስለገባ ቀድሞ ሙሉውን ይሸምትበት በነበረው ገንዘብ አሁን የሚገዛው 80 በመቶውን ያህል ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ በወጣባቸው ወራት በቆጣቢው ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አንዱ አኃዝ ያለፈውን ወር ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽራል፤ ሌላው የ12 ወራት አማካይ ነው። አማካዩ የገበያውን ለውጥ ዘግይቶ ያሳያል። አንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ስህተት ላይ ይጥላል።

ስለዚህ ነጋዴውም ሆነ ደመወዝተኛው አኃዝ ሲሰማ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ቁጥሩን ያወጣው ማነው? ከየትኛው ጊዜ ጋር ተነጻጸረ? የባንክ ወለዴስ ከዚህ ቁጥር ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ሦስተኛው መልስ «ያንሳል» ከሆነ፣ ደብተሩ ላይ ያለው ብር ቢጨምርም የመግዛት አቅሙ እየቀለጠ ነው።