ለገና የተላከልኝ እንዝርት

እንደሚታወቀው በዓል ሲቃረብ ለብዙዎቻችን ከቤት የሚላክልን በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። ከመካነ ሰላም ዙሪያ ገጠር ለመጣነው ደግሞ ብርዱ ስለሚታወቅ አንዳንዴ ጋቢ ይታከልበታል። ዘንድሮ ለገና ለእኔ የመጣልኝ ግን አንድ እንዝርትና እፍኝ ባዘቶ ነበር።

የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ እስኪበቃቸው ሳቁ። «ለየትኛዋ አማትህ ልትፈትል ነው?» ያለኝም አለ። እኔም አፍሬ ከአልጋ ሥር ወተፍኩት። ማታ ግን ዕቃውን ያመጣው ሰው የነገረኝ መልእክት አላስተኛኝም። አክስቴ በየዓመቱ ራሷ ፈትላ ያሠራችው አንዳች ነገር ትልክልኝ ነበር። ዘንድሮ «ዓይኔ ደከመ፣ ክሩ አልታይ አለኝ፤ ካሁን ወዲያ ራስህ ፍተል በሉት» ብላለች። ታዲያ ይህ ስጦታ ነው ወይስ የቤት ሥራ?

እስቲ ነገሩን እንደ ትምህርት እንየው። ጥጥ ከቆላ በገበያ በኩል ወደ እኛ ደጋ ይወጣል። መጀመሪያ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይለቀማል፤ ቀጥሎ በደጋን ተነድፎ ይፍታታና ባዘቶ ይሆናል። የበግ ጸጉርም እንዲሁ በደጋን ይነደፋል። ከዚያ በኋላ ነው እንዝርት የሚመጣው። እንዝርት ማለት ቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ከላይ በኩል ክብ ራስ፣ ጫፉ ላይ ክሩን የምትይዝ ቆልማማ ሽቦ ናት። ዘንጉን ጭን ላይ በመዳፍ ሲያሹት ይሽከረከራል። ክብ ራሱ ክብደት ስላለው ሽክርክሪቱ ቶሎ አይቆምም። ራስ የሌለው ባዶ ዘንግ ብታሽከረክሩ ወዲያው ቀጥ ይላል፤ ሞክሬዋለሁ።

ለክፍል የሚሆን ሙከራም አለው። ከባዘቶው ትንሽ ቆንጥራችሁ ሳታከርሩ ሳቡት፤ እንደ ጉም ይለያያል። ያንኑ አክርራችሁ ሳቡት፤ ጣት ይቆርጣል! ምክንያቱም ጥጡ ሲከርር አጫጭሮቹ ጭረቶች እርስ በርስ ይጨባበጣሉ፤ ሰበቃውም እንዳይንሸራተቱ ያደርጋቸዋል። ሰበቃን ለማስተማር ከዚህ የቀረበ መርጃ መሣሪያ የት ይገኛል? እንዝርት ያልያዘ ተማሪም ቢኖር፣ ከተሰበረ እንስራ ገል አንሥቶ ዙሪያውን ፍቆ መሐሉን ቢበሳና እንጨት ቢሰካበት ይሠራለታል።

አስቸጋሪው ሳቁ ነው። መፍተል የሴት፣ ሸማ መሥራት ደግሞ የሚናቅ ሙያ ነው ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። የለበስነውን ጋቢ ግን ማንም አውልቆ አልጣለም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ሸማኔውም በአዋጁ በስም የተነሣ ነው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ እኛ ዕጩ መምህራን የምንባለው እንኳ አንዲት እንዝርት አይተን እንስቃለን። የሸማኔ ልጅ ክፍላችን ውስጥ ቢሰደብ ምን ልንል ነው?

ለሳቁት ጓደኞቼ አንድ ታሪክ ነግሬአቸዋለሁ። በኅዳር 1940 ዓ.ም. የእንግሊዟ ልዕልት ኤልሳቤጥ ስታገባ ማኅተማ ጋንዲ የላኩላት ስጦታ ራሳቸው ከፈተሉት ክር የተሠራ የጥጥ ዳንቴል ነበር። ያን ጊዜ የ78 ዓመት አዛውንት ናቸው። እርግጥ እሳቸው የሚፈትሉት በእጅ በሚዞር መንኮራኩር እንጂ በእንዝርት አይደለም፤ ወንድነታቸውን ግን ማንም አልጠየቀም።

የእኔን ፈትል ካነሣን፣ የመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ነበር። አንዱ ጋ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ እንደ ጸጉር ቀጥኖ ይበጠሳል። ቀኝ እጅ ሲያሽ ግራው እኩል ካልለቀቀ እንዝርቱ ወለል ላይ ነው። አንድ ጋቢ አራት ድርብ መሆኑን ሳስብ፣ ስንት ሌሊት እንደፈተለችልኝ ያኔ ገባኝ። ከሣቂዎቹም አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ መብራት ከጠፋ በኋላ «እስቲ አምጣት» ማለት ጀምሯል።

ለፋሲካ ሎሚ የምታክል ልቃቂት አድርሼ ለአክስቴ ላክሁላት። ዓይኗ ባያይም በጣቷ ዳሰሰችው አሉ። መልሷ ይህ ነው፤ «ለማግ ይሆናል፣ ይቀጥል። ድሩን ግን እንደ ሰው ከገበያ ይግዛ።»