ለጤና ተማሪ ፊዚክስ ምን ያደርግለታል?



ፍሬሽ ተማሪዎችን ስናስጠና የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ጤና ልገባ ነው፤ ጀነራል ፊዚክስ ምን ያደርግልኛል?» ይህን ያለ ተማሪ ብዙ ጊዜ ፎርሙላውን ሸምድዶ ለማለፍ ይቀመጣል፤ ወደ ኩረጃ የሚያዘነብልም አይጠፋም። የአንደኛ ዓመት ውጤት ለዲፓርትመንት ምደባ ስለሚታይ ጭንቀቱ ይገባናል። ጥያቄው ግን መልስ አለው፤ ከአዳማ እንጀምር።

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው እዚህ 83 ገደማ ነው፤ አሰላ ላይ ደግሞ 76 ገደማ። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ስለዚህ አዳማ ላይ በ95 ዲግሪ አካባቢ፣ አሰላ ላይ በ92 አካባቢ ይፈላል። እሳቱን ብናበዛ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ አይበስልም የሚሉ እናቶቻችን ይህን ያለ ፎርሙላ ያውቁታል።

አሁን ወደ ማዋለጃ ክፍል እንግባ። መቀሱና መቆንጠጫው በኦቶክሌቭ የሚመክነው በ121 ዲግሪ እንፋሎት ነው። ለዚህ በውስጡ ያለው ጠቅላላ ግፊት 205 ኪሎ ፓስካል መድረስ አለበት። ብዙውን ጊዜ የመሣሪያው ጌጅ የሚያሳየው ግን ጠቅላላውን ሳይሆን ከውጭው አየር የበለጠውን ብቻ ነው። ባሕር ወለል ላይ 103 ሲያሳይ በቂ ነው፤ አዳማ ላይ 122፣ አሰላ ላይ 129 ማሳየት አለበት። 103ን አይቶ የረካ ባለሙያ አዳማ ላይ እንፋሎቱ 118 ዲግሪ ገደማ፣ አሰላ ላይ 117 ገደማ ነው። ጊዜው በ121 ተሰልቶ ከሆነ ዕቃው ሳይመክን ወጥቶ ለወላድ እናት ሊደርስ ይችላል። ጌጁ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው አንድ መደመር ነው።

ግሉኮስ ከፍ ተደርጎ የሚሰቀለውም በዚሁ በፈሳሽ ምዕራፍ ሕግ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ይሰጣል፤ ከደም ሥሩ ግፊት በእጅጉ ይበልጣል። ከረጢቱ ከክንድ በታች ሲወርድ ደም ወደ ቱቦው ሲመለስ በሽተኛ ያስታመመ ሁሉ አይቷል።

ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ላይ ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ዕውቀቶች ቆጥረውታል። ፈርዱን የሚያወጣልን ግን ሕክምናውን ያወቀ ሰው ነው፤ በተኮረጀ ግሬድ የገባው ያንን ጌጅ ማንበብ ይችል እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

ለቀጣዩ ቱቶሪያል ይህን ሠርታችሁ ኑ፦ መተሐራ 950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ 90 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ጌጁ ስንት ማሳየት አለበት?