የቆጠብነው ገንዘብ የት ደረሰ? ቁጠባ፣ ንፍገትና የየቲሞች ሐቅ

 



በዚህ እትም የትምህርት ዐምዳችን የምንመለከተው ርእስ ከአንዲት አሳዳጊ እናት ጥያቄ የተነሣ ነው። እኚህ እናት በጊዮርጊስ አካባቢ የሚኖሩ ሲሆን ሁለት የቲሞችን ያሳድጋሉ። ወርኃዊ ድጋፋቸውን ሊቀበሉ በመጡ ጊዜ እንዲህ አሉን፦ «ታክሲ ትቼ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ስኳር ትቻለሁ፤ ለልጆቹ እንቁላል መግዛትም ትቻለሁ። ወሩ ሲያልቅ ግን በእጄ አንድም ብር የለም። እንዲህ መቆጠቤ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?»

ወዲያው መልስ አልሰጠናቸውም። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አልነበረምና። የየቲሞችን ገንዘብ በአማና የያዝን ሁሉ፣ ከደመወዛችን ቀንሰን የምንለግስም ሁሉ፣ ራሳችንን ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በሸሪዓችን ብርሃንና በኑሯችን ሒሳብ አብረን እንመርምረው።

መካከለኛው መንገድ

እስልምና በገንዘብ አያያዝ ረገድ ሁለት ተቃራኒ ጥፋቶችን ያወግዛል። አንዱ ኢስራፍ፣ ማለትም ልክ ያለፈ ወጪ ነው። ሁለተኛው ቡኽል፣ ማለትም ንፍገት ነው። በሱረቱል ፉርቃን 67ኛ አንቀጽ የአር-ራሕማን ባሮች ከተገለጹባቸው ጠባዮች አንዱ፣ ወጪ ሲያደርጉ የማያባክኑም የማይነፍጉም፣ በሁለቱ መካከል የቆሙ መሆናቸው ነው። በሱረቱል ኢስራእ 29ኛ አንቀጽም እጅን ከአንገት ጋር እንደታሰረ አድርጎ መያዝ ተከልክሏል፤ ያለ ልክ መዘርጋትም እንዲሁ ተከልክሏል።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ገንዘብ ከማውጣት መታቀብ በራሱ መልካም ሥራ ተብሎ አልተቆጠረም። አንድ ሰው ብሩን ስላላወጣ ብቻ ቆጣቢ ነው አይባልም፤ ምናልባት ንፉግ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም የሌላውን ሐቅ የከለከለ ሊሆን ይችላል። ቁጠባ መሣሪያ ነው። መሣሪያ ደግሞ የሚመዘነው በሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም የቁጠባ ልማድ በሦስት ጥያቄዎች እንመዝናለን።

1. ቁጠባው ራሱ ስንት ያስወጣናል?

የጊዮርጊስና የፒያሳ ሰው ገበያን ከደጁ የለመደ ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ የሚቆመው እዚሁ አራዳ፣ በጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በወረራው ዘመን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ ተዛወረ። ከዚያም በኋላ ቢሆን አትክልት ተራ ለሰፈሩ ሰው በእግር የሚደረስበት ነበር። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተወሰደ። በ2016 ዓ.ም የፒያሳ ነባር መንደሮች ሲፈርሱም ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። ገበያውም ሰዉም ቦታ ለቀቀ፤ «ርካሹ እዚያ ነው» የሚለው ልማድ ግን አልለቀቀንም።

ለምሳሌ አንዲት እናት 5 ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት ሩቅ ገበያ ሄዱ እንበል። በኪሎ 10 ብር ቢቀንስላቸው 50 ብር አተረፉ። ደርሶ መልስ 40 ብር ለትራንስፖርት ከከፈሉ በእጃቸው የቀረው 10 ብር ብቻ ነው። ለዚህች 10 ብር ግማሽ ቀን ሄዷል። በዚያ ግማሽ ቀን እንጀራ ጋግረው ወይም ልብስ አጥበው 100 ብር ማግኘት ይችሉ ከነበረ፣ በእርግጥ የከሰሩት 90 ብር ነው።

ያው መንገድ ግን በሌላ አኳኋን ሊጠቅም ይችላል። አራት ጎረቤታሞች ተነጋግረው በየተራ አንዳቸውን ቢልኩና 20 ኪሎ ቢገዙ፣ ቅናሹ 200 ብር ይሆናል። 40 ብሩ ለመንገድ ሲቀነስ 160 ብር ይተርፋል፤ ለእያንዳንዳቸው 40 ብር ማለት ነው። ዕቃው ያው፣ ገበያውም ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ጀመዓ መሆናቸው ነው።

ሌላም እውነት አለ። ድሃ ብዙ ጊዜ ከሀብታም አስበልጦ ይከፍላል። ጤፍ በኩንታል የሚገዛና በኪሎ የሚገዛ፣ ከሰል በማዳበሪያ የሚያስገባና በፌስታል የሚገዛ፣ ዘይት በአምስት ሊትር የሚወስድና በትንሽ ጠርሙስ የሚያስለካ ለአንድ ዓይነት ዕቃ አንድ ዓይነት ዋጋ አይከፍሉም። ይህ የሆነው ድሃው አባካኝ ስለሆነ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የሚከፍለው በቂ ገንዘብ በእጁ ስለሌለ ነው። እንዲህ ላለው ሰው «ቆጥብ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም።

2. የምንቆጥበው ከማን ድርሻ ነው?

በዚህ ጥያቄ ላይ በቅድሚያ የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለየቲሞቻችን የትምህርት ቤት ጫማ ስንገዛ ከቀረቡልን ሁለት ዓይነቶች ርካሹን መረጥን። በተረፈው ገንዘብ ተደስተን በስብሰባችን ላይም እንደ መልካም ውጤት አቀረብነው። የትምህርቱ ዘመን ሳይጋመስ የብዙዎቹ ጫማ ሶል ተላቀቀ። ሁለተኛ ለመግዛት ስንገደድ ወጪያችን ከውዱ ጫማ በለጠ። ከገንዘቡ ይልቅ የከበደን ግን ሌላ ነበር፤ አንዳንዶቹ ልጆች በተቀደደ ጫማ መታየትን አፍረው ከትምህርት ቤት ቀርተው ነበር። ለእኛ ቁጠባ የመሰለን ነገር ከልጆቹ ክብር ላይ የተወሰደ ኖሯል። አላህ ይቅር ይበለን።

የየቲምን ገንዘብ በሚመለከት ሱረቱን ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ ለአሳዳጊዎች የሰጠው ሥርዓት ግልጽ ነው። ልጆቹ ከማደጋቸው በፊት ገንዘባቸውን በማባከንና በመሽቀዳደም መብላት ተከልክሏል። ሀብታም የሆነ አሳዳጊ ከገንዘቡ እንዲቆጠብ፣ ድሃ የሆነው ግን በአግባቡ እንዲጠቀም ተፈቅዷል። እዚህ ላይ እንዲቆጠብ የታዘዘው አሳዳጊው ነው፤ ከየቲሙ አፍ ይቀነስ አልተባለም።

ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄም ቢሆን ጉዳት አለው። የየቲምን ገንዘብ በግፍ መብላትን አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት አንቀጾች በወረዱ ጊዜ፣ ሶሓቦች ፈርተው የየቲሙን ምግብና መጠጥ ከራሳቸው ለይተው ማስቀመጥ ጀመሩ። ከየቲሙ ምግብ የተረፈው ማንም ሳይነካው ይቀመጥና ይበላሽ ነበር። ነገሩ ከብዷቸው መልእክተኛውን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ የሱረቱል በቀራ 220ኛ አንቀጽ ወረደ፤ ለየቲሞች የሚበጀውን መሥራት እንደሚሻልና ከእነርሱ ጋር መቀላቀል የወንድማማችነት ነገር እንደሆነ ተገለጸ። ይህን አቡ ዳውድ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። አንድ ማዕድ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ምድጃ ብክነትን ይቀንሳል፤ ልጁንም ከእንግድነት ስሜት ያወጣዋል።

እጀ ጥብቅ ለሆነ አባወራም ትምህርት አለ። ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ) ባለቤታቸው አቡ ሱፍያን በቂ ወጪ እንደማይሰጧቸው ለመልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ባመለከቱ ጊዜ፣ ለራሳቸውና ለልጆቻቸው የሚበቃውን በተለመደው ልክ እንዲወስዱ ተፈቅዶላቸዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ የልጆች በቂ ምግብ፣ ልብስና ሕክምና ሐቃቸው ነው። ከእነዚህ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ ቁጠባ ተብሎ ሊጠራ አይገባም።

3. የተቆጠበው የት ይቀመጣል?

የእኚያ እናት ምሬት መልሱ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ከታክሲ የተረፈው ብር በዚያው ቦርሳ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሳይታወቅ በሌላ ወጪ ያልቃል። መድረሻው ያልተወሰነ ብር አልተቆጠበም፤ ወጪው ለጊዜው ዘገየ እንጂ። ስለዚህ የሚቆጠበው፣ ትንሽም ቢሆን፣ ገንዘቡ እጅ በገባበት ቀን ተለይቶ ሊወጣ ይገባል። ለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩልን ዕቁብ ታላቅ መሣሪያ ነው። ወለድ የለበትም፤ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ጎረቤት ስለሚጠብቀን ደግሞ አንዘገይም። ዕጣው ሲወጣም በችርቻሮ ይገዛ የነበረውን በጅምላ ለመግዛት ያስችላል።

በስማቸው ውርስ ወይም ተቀማጭ ላላቸው የቲሞች ግን ከዚህ የበለጠ ማሰብ ያስፈልጋል። ኢማም ማሊክ በሙወጣእ እንደዘገቡት ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) የየቲሞች ገንዘብ በዘካ እንዳያልቅ ይነገድበት ዘንድ መክረዋል። በማሊኪ፣ በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀቦች ኒሷብ ከሞላው የየቲም ገንዘብ ላይ አሳዳጊው ዘካ ያወጣል፤ መጠኑም በዓመት ከ100 ብር 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ሳይሠራበት የተቀመጠ 100 ብር በዘካ ብቻ ቢቀነስ ከ4 ዓመት በኋላ 90 ብር ያህል ይቀራል። የዕቃ ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር ግን ያው 100 ብር ከ4 ዓመት በኋላ የሚገዛው ዛሬ 48 ብር የሚገዛውን ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም የሀገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ስናስታውስ፣ የዑመር ምክር ለዘመናችን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እንገነዘባለን። ሙፈሲሮችም በሱረቱን ኒሳእ 5ኛ አንቀጽ ላይ፣ ገንዘቡ ለሥራ ውሎ ልጆቹ ከትርፉ እንዲመገቡ የሚያመለክት ፍቺ እንዳለ አስተውለዋል።

ወለድ ሐራም በመሆኑ ብዙዎቻችን ገንዘብን ከባንክ አርቀን ወይም ያለ ምንም ትርፍ አስቀምጠን ቆይተናል። ዛሬ ግን በ2013 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክና እሱን የመሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ። አሳዳጊ የሆነ ሰው የሒሳቡን ዓይነት ጠይቆ ሊረዳ ይገባል። በአማና የሚቀመጠው ዋናው ይጠበቃል እንጂ ትርፍ አያስገኝም፤ የሙዷረባው ሒሳብ ደግሞ ትርፍ የሚካፈልበት ሲሆን የኪሳራም ዕድል አለው። የየቲም ገንዘብ ስለሆነ ያለ ምክክርና ያለ ምስክር አደገኛ ንግድ ውስጥ ማስገባት አይገባም።

ከለጋሾች የሚጠበቀው

ወንድሞችና እህቶች፣ የእናንተ ቁጠባም በእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ይመዘናል። በረመዳን ከኢፍጣር ማዕድ የሚጣለውን ሰምቡሳ፣ በሰርግ የሚባክነውን ምግብ መቀነስ መልካም ነው። የተረፈው ግን ለየቲሙ ካልደረሰ ቁጠባችን ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሁለተኛም፣ የተስማማችሁበትን ድጋፍ በቀኑ መክፈላችሁ ራሱ ለየቲሙ ቤት ቁጠባ ነው። ድጋፉ ሁለት ሳምንት ሲዘገይ አሳዳጊዋ ከሱቅ በዱቤ ይወስዳሉ፤ በትንሽ በትንሹ፣ በተወደደ ዋጋ። ሲደርስ ደግሞ አብዛኛው ለዕዳ ይሄዳል። የምትችሉ የሦስት ወሩን በአንድ ጊዜ ብትሰጡ፣ ያው ገንዘብ ብዙ ይገዛል። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። የዚህ ትምህርት ጥቅም በየቲም ቤት ድስት ውስጥ ሳይቀር ይታያል።

ለእኚያ እናትም እንዲህ ስንል መለስንላቸው፦ ለሽንኩርት የሚሄዱትን ሩቅ መንገድ ብቻዎን አይሂዱ፤ ከጎረቤት ጋር ይተባበሩ። ስኳሩን መተውና አለመተው የእርስዎ ምርጫ ነው። የልጆቹን እንቁላል ግን ይመልሱ፤ ሐቃቸው ነውና። ለዕቁብ የሚሆነውን ድጋፉ በደረሰበት ቀን ለይተው ያውጡ። እኛም በበኩላችን ድጋፉ ቀኑን ጠብቆ እንዲደርስዎ ቃል እንገባለን። ይህ ቃል እንዲጠበቅ የሚያደርጉት ደግሞ ይህን የሚያነቡ አባላት ናቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች ለቤተሰብ

1. ባለፈው ወር «ቆጠብን» ያልነው ገንዘብ አሁን የት ነው?
2. በቤታችን የማን ድርሻ እየተቀነሰ ነው? እሱስ ተጠይቋል ወይ?
3. ከጎረቤት ጋር አብረን ብንገዛቸው የሚረክሱ ሦስት ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው?

አላህ ሪዝቃችንን በረካ ያድርግልን፤ ከብክነትም ከንፍገትም ይጠብቀን፤ የየቲሞችን አማና ሳናጓድል የምናደርስ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።