ለኩላሊት እጥበት የሚሆን የደም ሥር

ስለ ኩላሊት እጥበት ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ መኪናው ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሞቹን ለብዙ ዘመን ያስቸገረው ደሙ የሚወጣበትና የሚመለስበት በር ነበር። ኮልፍ የተባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. በሆላንድ እጥበት ሲጀምር በየጊዜው አዲስ የደም ሥር መክፈት ያስፈልግ ነበር፤ ሥሩ ሲያልቅ ሕክምናውም ያበቃል። በ1960 ስክሪብነር በሲያትል በክንድ ላይ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ ተከለ፤ እሱም ደም እየረጋበትና እየመረቀዘ አስቸገረ።

በ1966 ብሬሺያና ቺሚኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኒው ዮርክ የገለጡት ዘዴ ግን ቱቦ አይሻም፤ በእጅ አንጓ አጠገብ ደም ቅዳው ከደም መልሱ ጋር ይሰፋል። ይህም ፊስቱላ ይባላል (በአገራችን በወሊድ ጉዳት ከሚታወቀው ጋር አንባቢ እንዳያምታታው)። ኃይለኛው ደም ሲገባበት ደም መልሱ ይሰፋል፣ ይወፍራል፣ መርፌም ይችላል። ለዚህ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃልና አስቀድሞ መሠራት አለበት። ዘግይቶ የመጣ በሽተኛ በአንገቱ ቱቦ ይገባለታል፤ በዚያ በኩል ተሕዋስያን ወደ ደሙ ሊገቡ ይችላሉ። የሚያስቆጨው ይህ ነው።

በሽተኛው በየቀኑ ፊስቱላውን በጣቱ ይዳስስ፤ ንዝረት ይሰማዋል። ንዝረቱ ከጠፋ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የረጋው ይወጣል፣ የጠበበውም ሥር በፊኛ ይሰፋል። መርፌ ከተነቀለ በኋላ ደሙ ቶሎ አልቆም ቢል ወይም ክንዱ ቢያብጥ፣ ወደ ልብ በሚወስደው መንገድ ጥበት መኖሩ ይጠረጠራል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙና ካመሙት ደግሞ ፊስቱላው የእጁን ደም እየሻማ ይሆናል። በዚያ ክንድ የደም ግፊት አይለካም፣ ለምርመራም ደም አይቀዳም።