አበባ የማያውቁ ልጆቻችንና ወርኃ ጽጌ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ነገሬን ከአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ልጀምር። ነቀምቴ ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ይሆናቸዋል። ወሩ ጥቅምት ነበር። ስለ ጽጌ ጾም ላስተምራቸው ገብቼ «ጽጌ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አበባ!» አሉ በአንድ ድምፅ። «ጎሽ! እስቲ የምታውቁትን አበባ ንገሩኝ» አልኩ። «ጽጌረዳ!» አለ አንዱ። «አደይ አበባ!» አለች ሌላዋ። ከዚያ በኋላ ዝም ዝም ሆነ። «ሌላስ?» ብዬ ብጨቀጭቃቸው አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ የእመቤታችን ሥዕል ፊት ያለችው» አለችኝ። የፕላስቲኳን ማለቷ ነው! እኔም ሳቅሁ፣ ልጆቹም ሳቁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቄ ጠፋ። በዚያው ሳምንት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ማሳ በኑግ አበባ ቢጫ ለብሶ ነበርና። ልጆቹ ሊያዩት ይቅርና መኖሩንም የነገራቸው የለም።

ወርኃ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት ናቸው። ጾሙ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አይቆጠርም፤ በፈቃድ የሚጾም ነው። ቢሆንም እናቶቻችን ሲጾሙት ኖረዋል፤ እኛም እንጾመዋለን። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። የሚታሰበው የእመቤታችንና የልጇ ስደት ነው፤ ሄሮድስን ሸሽተው ወደ ግብፅ መውረዳቸው፣ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር መንከራተታቸው። ኅዳር 6 ቀን ቁስቋም ላይ ይፈጸማል።

እንግዲህ አባ ጽጌ ድንግል በደረሱት ማኅሌት ከዳር እስከ ዳር የሚነሣው አበባ ነው። አንዳንድ ጊዜ አበባዋ እመቤታችን ናት፣ ፍሬዋ ክርስቶስ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አበባው ራሱ ጌታችን ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ከእሴይ ሥር ስለሚወጣው በትርና ስለ አበባው የተናገረው (ኢሳ. 11፥1) መሠረቱ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ሲዘምሩ የሚሰማው ሕዝብ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አበባ እየረገጠ የመጣ ሕዝብ ነበር፤ ምሳሌውን ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል። የዛሬ ልጅ ግን ከቤት በባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ዐውደ ምሕረት፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ቴሌቪዥኑና ወደ ስልኩ ነው። የፕላስቲክ አበባ አይጠወልግም፣ አያፈራምም። አበባ ሲረግፍና በምትኩ ፍሬ ሲቋጠር አይቶ የማያውቅ ልጅ «አበባዋ ድንግል፣ ፍሬዋ ክርስቶስ» ስንለው ምን ይታየው?

ሌላም ነገር አለ። የምናስበው ስደት የተፈጸመው ደጅ ነው። ሕፃኑ ክርስቶስ በእናቱ ጀርባ፣ አረጋዊው ዮሴፍና ሰሎሜ አብረው፣ ፀሐዩ ከላይ፣ አሸዋው ከታች። ትውፊታችን ዛፍ ጥላ እንደሆነላቸው፣ ምንጭም እንደፈለቀላቸው ይነግረናል። በካይሮ ከተማ ማታሪያ በሚባለው ሰፈር የእመቤታችን ዛፍ እየተባለ እስከ ዛሬ የሚጎበኝ ዛፍ አለ። ዛፉ ሾላ ነው። ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበትም ሾላ ነበር (ሉቃ. 19፥4)። ይኸው ዛፍ በእኛ አገር ወንዝ ዳር ሞልቶናል፤ በኦሮምኛ ኦዳ የምንለው ነው። ልጅን ከሾላ ሥር አስቀምጦ ስለ ዘኬዎስ ማስተማርና በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ማስተማር አንድ ነው የሚል ካለ አንድ ቀን ይሞክረው።

ስደት ለወለጋ ሰው ከመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው የጸጥታ ችግር በምሥራቁም በምዕራቡም ወለጋ፣ በሆሮ ጉድሩም ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ልጅን ይዞ መንገድ መውጣት የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ልጆቻችሁን ይዛችሁ ደን ግቡ፣ ዴዴሳ ውረዱ» እያልኩ አይደለም። እናት ልጇን የምትይዝበትን ቦታ ከእኔ በላይ ታውቃለች። እኔ የምለው ሰላም ባለበት በአቅራቢያችን ስላለው ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ።

ቅዱስ ያሬድንም እናስታውስ። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩ ከአጎቱ ከጌዴዎን ቅጣት ሸሽቶ ሲሄድ ያስተማረው ማን ነበር? ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያያት ትል ናት። ደጋግማ እየወደቀች ደጋግማ ስትወጣ አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ያን ቀን ቤት ውስጥ ተዘግቶበት ቢሆን ኖሮ... እግዚአብሔር ሌላ መንገድ አያጣም፤ ነገር ግን የመረጠው ይህን መንገድ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞንም ሰነፉን ሰው ወደ ጉንዳን ይልከዋል (ምሳ. 6፥6)። ጌታችንም ስለ መጨነቅ ሲያስተምር የሰማይ ወፎችንና የሜዳ አበቦችን እንድንመለከት አዞናል (ማቴ. 6፥26-28)። ትእዛዝ መሆኑን ልብ በሉ፤ መመልከት ታዟል።

ኑጉንና ንቡን እንመልከት

አሁን ወደ ኑጉ ልመለስ፤ በተለይ ለወለጋ ሰው ይህ የጾም ጉዳይ ነውና። በጾም ወጣችንን የምንሠራው በምንድን ነው? በዘይት ነው። እናቶቻችን የሚያውቁት የጾም ዘይት ደግሞ የኑግ ነው። ኑግ አበባው በራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ ከሌላ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ይፈልጋል። የሚያመጣለት ንብ ነው። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ርክበ ብናኝ የሚለው ይህን ነው። ንብ ካልጎበኘው ማሳው ቢጫ ሆኖ ቢያምርም ፍሬው የሳሳ ይሆናል። ንቧም በበኩሏ በጥቅምትና በኅዳር ከዚህ አበባ ቀስማ ማሯን ትሞላለች፤ ቀፎ የሚቆረጠውም በዚህ ሰሞን ነው። ከቀፎው ሰም ይወጣል፤ ከሰሙ ጧፍ ይሠራል። በማኅሌቱ ሌሊት በእጃችን የሚበራው ጧፍና ጠዋት በወጣችን ውስጥ ያለው ዘይት ሁለቱም በአንዲት ንብ ትከሻ ላይ ያረፉ ናቸው ማለት ነው።

ንቧ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በኑግ ብቻ አትኖርም። ኑጉ ሲረግፍ ብሳናውን፣ ዋንዛውን፣ ዶቅማውን፣ ግራሩን ትፈልጋለች። ዛፍ በሌለበት ቀፎ ባዶ ይቀራል። አበባ ባለበት ማሳ ላይ በጠራራ ፀሐይ የተባይ መድኃኒት ስንረጭ የምንገድለው ተባዩን ብቻ አይደለም። የግድ ከሆነ ንቦቹ ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ሲመሻሽ ይረጭ፤ ጎረቤት ቀፎ ካለውም አስቀድሞ ይነገረው። ይህን ለገበሬ ወንድሞቻችን መንገር እንደ ሌላው ምክር ሁሉ ከሰባክያን ይጠበቃል ባይ ነኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እነዚያን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ከከተማው ዳር ወዳለ የኑግ ማሳ ወሰድናቸው። የእግር መንገድ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ቆየን። ያቺ የፕላስቲኳን አበባ የጠቀሰችው ልጅ ንብ አበባው ላይ ስትርመሰመስ አፏን ከፍታ ስታይ ቆይታ «ጋሼ፣ ንብም ትጾማለች?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «አባን ጠይቄ እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍኩ፤ እስካሁንም ዕዳ አለብኝ።

የግቢያችን ዛፎች

ለዚህ ከሌላ አገር ምሳሌ ልጥቀስ። በደቡብ ጎንደር አብዛኛው ደን አልቆ የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረዋል። ካሳዩት ነገር አንዱ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ተተኪ ችግኝ እንደሚያጡ ነው፤ ከብት ገብቶ ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። ከዚያ በኋላ ካህናቱና ምእመናኑ ከማሳቸው ድንጋይ እየለቀሙ በብዙ ቦታ የደኑን ዙሪያ በካብ አጠሩ። ከብቱ ሲከለከል ችግኙ ተመለሰ።

እኛ ጋ ዛፍ ከግቢ ውጭም ገና አለ። ከነቀምቴ ብዙም የማይርቀው የኮምቶ ደን አለ፤ ቡናውም በጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ዝናባችን በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የግቢውን ዛፍ የማንሰስተው። ስሙን የማልጠራው አንድ ደብር የዕድሜ ባለጸጋ የሆኑ ዝግባዎችን ለሕንፃ ማሠሪያ ብሎ ቆርጦ ሸጠ፤ በቦታቸው ባሕር ዛፍ ተተከለ። ሕንፃው አምሯል፤ እግዚአብሔር ይባርከው። ለንግሥ የሚመጣው ሕዝብ ግን አሁን ዣንጥላ ዘርግቶ ነው የሚያስቀድሰው። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለአጥር ይጠቅመናል፣ አልነቅፈውም። ግን ቦታው ሌላ ነው።

ዛፍን እንዲህ ማክበር ወደ አድባር አምልኮ እንዳይወስደን የሚሰጉ አባቶች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ግንድ ቅቤ ሲቀባ አይተዋል። መልሱ በዘፍጥረት አለ። አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው (ዘፍ. 2፥15)። ጠባቂ የሚጠብቀውን አያመልክም፤ አያጠፋውምም። በጦርነት ጊዜ እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆረጥ ሕጉ ከልክሏል (ዘዳ. 20፥19)። ዲያቆኑ በቅዳሴ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ወንዞቹ ውኃና ስለ ምድር ፍሬ እንድንጸልይ ሲያዝዝም በዚያው መንፈስ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት ከመሮጥ በፊት ልጅን ይዞ ግቢውን አንድ ጊዜ መዞር። ሰንበት ነውና መቆፈርና መኮትኮት የለም፤ መመልከት ግን ይቻላል። የዛፉን ስም በሁለቱም ቋንቋ ንገሩት፦ ዋንዛ ወዴሳ፣ ወይራ ኤጄርሳ፣ ዶቅማ በዴሳ፣ ዝግባ ብርብርሳ። ብርብርሳና ብርብራ የተለያዩ መሆናቸውን አትርሱ፤ ብርብራ በኦሮምኛ ሶተሎ የሚባለው ነው፣ ፍሬው ዓሣ ማደንዘዣ ነውና ልጆች ወደ አፋቸው እንዳይወስዱት። ስሙን የማታውቁት ዛፍ ካለ አረጋውያንን ጠይቁ። እናቶቻችን ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ ወሬውም ረጅም ነው፣ ቡና አፍሉበት።

ከዚያ ችግኙ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ እንተክላለን። ሐምሌ ላይ የተከልነው ጥቅምት ላይ የት እንዳለ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ወር በኋላ ነው። ሣሩ ውጦታል፤ አዝመራው ሲነሣ ከብቱ ይለቀቃል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ፀሐይ ይመጣል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በግቢው ውስጥ አንድ ችግኝ ይያዝ። ከሰንበት ውጭ ባለ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁም አብሮ ይምጣ፤ ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል ያርም፣ ግንዱን ሳይነካ። በእሾህ ይታጠር። በነቀምቴና በአርጆ በኩል ሥሩን በገለባ ማልበስ እርጥበቱን ይይዛል። በነጆና በመንዲ በኩል ግን ደረቅ ገለባ ምስጥ ይጠራልና ይቅር፤ የምስጡን ነገር እዚያ ያሉት ወገኖች ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ለውኃው ደግሞ መላ አለ። ጠበል የቀዳንበትን ሃይላንድ ከጠጣን በኋላ የት እንደምንጥለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ጠበሉ ሜዳ ሄዳችሁ ማየት ነው። የተባረከ ውኃ የያዘ ዕቃ ከፌስታልና ከጭቃ ጋር ሲረገጥ ማየት ያሳፍራል። ቂጡን በመርፌ ቀዳዳ በስታችሁ ችግኙ አጠገብ ግማሹን ቅበሩት፤ ውኃ ስትሞሉት ቀስ እያለ ለሥሩ ያንጠባጥባል። ክዳኑን ላላ ማድረግ ነው፤ ከጠበቀ አይወርድም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ልጁ ራሱ ይሙላው። ለቁስቋም በዓል ኅዳር 6 ቀን ስትመጡ አያቱን እጇን ይዞ ወስዶ ያሳያት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።