ደጋግሞ የሚጨናገፍ ፅንስና የሽል ምርመራ
ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት



በትዳር ሕይወት ከሚደርሱ ሐዘኖች መካከል እንደ ፅንስ መጨናገፍ ተሸሽጎ የሚኖር ሐዘን ጥቂት ነው። ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ ድንኳን አይተከልለትም፤ ለሞተውም ልጅ ስም አይወጣለትም። ይህ ሐዘን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ደግሞ እናቲቱ በሐዘኗ ላይ ሐሜትን ትሸከማለች። «ሾተላይ አለባት» የሚላት፣ የርግማን ውጤት ነው የሚል፣ ባሏንም ሌላ እንዲያገባ የሚመክር አይጠፋም።

በዘመናችን ለእንደነዚህ ያሉ ባልና ሚስት አዲስ ምክር መሰጠት ጀምሯል። ይኸውም ፅንሱን በላቦራቶሪ አስጀምሮ፣ ሽሎቹን በዘር ምርመራ ፈትኖ፣ ጤናማ ነው የተባለውን ብቻ ወደ ማኅፀን ማስገባት ነው። በላቦራቶሪ የሚደረግ ፅንሰት በአገራችንም በ2019 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ስለተጀመረ፣ ጥያቄው ከእኛ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ምርመራው ምን እንደሆነ፣ ቤተክርስቲያን ስለ እርሱ ምን እንደምታስተምርና ላዘኑት ወላጆች ምን መንገድ እንዳለ በዚህ ትምህርት እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ፅንስ ለምን ይጨናገፋል?

መኖራቸው ከታወቀ 100 እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ሳይወለዱ ይጨናገፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨናገፉት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ምክንያታቸው የክሮሞዞም ቁጥር መዛባት ነው። የሰው ሴል 46 ክሮሞዞሞችን ይይዛል፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የሚገኙ ናቸው። እንቁላሉ ወይም የወንዱ ዘር ሲዘጋጅ አንድ ክሮሞዞም ቢጨመር ወይም ቢጎድል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሽሉ ማደግ አይችልም። ይህ መዛባት የእናቲቱ ዕድሜ ከ35 ዓመት ሲያልፍ እየበዛ ይሄዳል። በድንጋጤ፣ በሰው ዐይን ወይም በርግማን የሚመጣ ግን አይደለም፤ የማንም ጥፋት አይደለም።

ሐኪሞች «ተደጋጋሚ መጨናገፍ» የሚሉት፣ አንዳንዶቹ ሁለት፣ ሌሎቹ ሦስት ጊዜ ሲደርስ ነው። ይህ ከ100 ባልና ሚስት አንድ ወይም ሁለቱን ያገኛል። ከእነርሱም ግማሽ በሚሆኑት ላይ ምርመራ ተደርጎ ምክንያቱ አይታወቅም። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ካልታወቀላቸው መካከል ብዙዎቹ ልዩ ሕክምና ሳያገኙ በሚቀጥለው እርግዝና ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ። ይህን ተስፋ ለወላጆች መንገር የመጀመሪያው የምሕረት ሥራ ነው።

፪. ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

በላቦራቶሪ ከተጀመረ ፅንስ የመጀመሪያዋ ልጅ፣ ሉዊዝ ብራውን፣ በእንግሊዝ አገር የተወለደችው በ1978 ነበር። ከዚያም አለን ሃንዲሳይድና ባልደረቦቹ በለንደን የሽል ምርመራን ጀመሩ፤ በ1990 ከተመረመሩ ሽሎች የመጀመሪያዎቹ ልጆች ተወለዱ። ያን ጊዜ የተፈለገው በወንዶች ልጆች ላይ የሚጸናውን በዘር የሚተላለፍ በሽታ ለማስቀረት ስለነበር፣ ወደ ማኅፀን እንዲገቡ የተመረጡት ሴቶቹ ሽሎች ብቻ ነበሩ።

ዛሬ ሥራው እንደሚከተለው ነው። እናቲቱ ብዙ እንቁላሎች እንዲበስሉላት መድኃኒት ትወጋለች፤ እንቁላሎቹ ከሰውነቷ ወጥተው በላቦራቶሪ ከወንዱ ዘር ጋር ይዋሐዳሉ። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን፣ ወደፊት እንግዴ ልጅ ከሚሆነው ከሽሉ ውጫዊ ክፍል ጥቂት ሴሎች ተወስደው ክሮሞዞማቸው ይቆጠራል። ሽሎቹ በብርድ ተጠብቀው ውጤቱን ይጠባበቃሉ። ደኅና የተባለው ወደ ማኅፀን ይገባል፤ የተዛባ የተባለው ይጣላል ወይም ለምርምር ይሰጣል።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያለብን አንድ ነገር አለ። ይህ ምርመራ የታመመውን ሽል አይፈውስም። ለሽሉ የሚያዝለት መድኃኒት የለም፤ የሚሰጠው ፍርድ ብቻ ነው።

፫. ምርመራው ምን ያህል ይረዳል?

እውነቱን ሳንጨምርና ሳንቀንስ መናገር ይገባናል። ምርመራው ወደ ማኅፀን ከገቡት ሽሎች የሚጨናገፉትን ሊቀንስ ይችላል፤ የሚወለዱትን ልጆች ቁጥር ግን ያበዛል ማለት አይደለም። በ2021 በቻይና አገር በ1,212 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ሽሎቻቸው ከተመረመሩላቸው ሴቶች ከመቶ 77.2፣ ካልተመረመሩላቸው ደግሞ ከመቶ 81.8 የሚሆኑት ልጅ ወልደዋል። በእርግጥ የመጨናገፉ መጠን በተመረመሩት ዘንድ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጥናቱም የተደረገው የመውለድ ተስፋቸው ጥሩ በሆኑ ሴቶች ላይ እንጂ ፅንስ ደጋግሞ በተጨናገፈባቸው ላይ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ምርመራው ልጅ እንደሚያስገኝ ዋስትና ተደርጎ ሊነገር እንደማይገባ ያሳያል።

ደግሞም ፍርዱ ሊሳሳት ይችላል። አንድ ሽል ደኅና የሆኑና የተዛቡ ሴሎች በአንድነት ሊኖሩት ይችላሉ። በ2015 በኢጣሊያ የሚገኙ ሐኪሞች እንዲህ ቅይጥ የሆኑ ሽሎችን ለ18 ሴቶች አስገብተው ስድስት ጤናማ ልጆች እንደተወለዱ አስታውቀዋል። እነዚህ ልጆች በሌላ ስፍራ ቢሆን ኖሮ ይጣሉ ነበር።

፬. የቤተክርስቲያን ትምህርት

ይህን ሁሉ ስንል ግን ትምህርታችን በቁጥር ላይ የቆመ አይምሰላችሁ። ምርመራው ነገ ፈጽሞ የማይሳሳት ቢሆን እንኳ የቤተክርስቲያን መልስ አይለወጥም።

የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ በ1987 ባወጣው «የሕይወት ስጦታ» በተሰኘው መመሪያ፣ የሰው ልጅ ከተፀነሰበት ቅጽበት ጀምሮ እንደ ሰው ሊከበር እንደሚገባ፣ ልጅም ከባልና ሚስት የፍቅር አንድነት መገኘት እንዳለበት አስተምሯል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1995 በጻፉት «ወንጌለ ሕይወት» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሕይወትን በብቃቷ ብቻ የሚመዝን አስተሳሰብን ነቅፈዋል። በ2008 የወጣው «የሰው ክብር» የተሰኘው መመሪያ ደግሞ በቀጥታ ስለዚህ ምርመራ ተናግሯል፤ ሽሎችን መርምሮ ማስወገድ ከፅንስ ማስወረድ ተለይቶ የማይታይ ተግባር መሆኑን አስረድቷል።

አንዳንድ ወላጆች «ያ ሽል ቢገባም ሊሞት ነበር፤ እናቲቱን ከአንድ ሐዘን ማዳን ምን ክፋት አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከክፋት ሳይሆን ከብዙ ሥቃይ የሚወጣ ስለሆነ በትዕግሥት ሊመለስ ይገባዋል። በሞት አፋፍ ላይ ያለ በሽተኛ መሞቱ አንድ ነገር ነው፤ ይሞታል ተብሎ መጣሉ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የምናዝንበት ሞት ነው፤ ሁለተኛው የሰው እጅ ሥራ ነው። እግዚአብሔር ኤርምያስን በማኅፀን ሳይሠራው በፊት አውቆት እንደነበር መጽሐፍ ቅዱስ ይነግረናል፤ የዕድሜው ማጠር ሰውን በእግዚአብሔር ዘንድ ያልታወቀ አያደርገውም።

ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የተወለደ ልጅ እንደ ማንኛውም ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በፍቅር ሊቀበሉትና ሊያሳድጉት ይገባል። ቀድሞ ይህን መንገድ የተከተሉ ወላጆችም ከቤተክርስቲያን ደጅ የሚመለሱ አይደሉም፤ የንስሐ ምሥጢር ለእነርሱም ክፍት ነው።

፭. የተፈቀደው መንገድ ሰፊ ነው

ቤተክርስቲያን ሕክምናን አትከለክልም። የምትቃወመው ሽልን ለምርጫ ማቅረብን ነው እንጂ የሚፈውሰውንማ ትባርካለች። ስለዚህ ፅንስ ደጋግሞ የተጨናገፈባቸው ባልና ሚስት ሁለቱም አብረው ወደ ሐኪም እንዲሄዱ እንመክራለን። ሊጠየቁ ከሚገባቸው ነገሮች ዋና ዋናዎቹ እነሆ፦

የደም መርጋትን የሚያመጣው የሰውነት መከላከያ መዛባት በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በሐኪም ትእዛዝ በሚሰጥ ዝቅተኛ መጠን አስፒሪንና በሄፓሪን መርፌ ይታከማል። የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ የስኳር በሽታና ቂጥኝ በቀላሉ ይመረመራሉ፤ መድኃኒትም አላቸው። የማኅፀን ቅርጽ ጉድለት በአልትራሳውንድ ሊታይ ይችላል። ቀደም ሲል ፅንስ ተጨናግፎባት በአዲሱ እርግዝና መጀመሪያ ደም ለፈሰሳት ሴት የፕሮጄስትሮን ሕክምና ሊረዳት ይችላል።

ሾተላይ የሚለው ስም ዛሬ በጤና ተቋማት በብዛት የሚሰጠው ለእናትና ለፅንስ የደም አለመጣጣም ነው። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት፣ አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው መርፌ ቀጣዩን ፅንስ ይጠብቃል። እንግዲህ ርግማን የተባለው ነገር መርፌ የሚከለክለው ሕመም ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

በዘር ምርመራም ቢሆን የሚፈቀድ አለ። የባልና የሚስት ደም ሊመረመር ይችላል፤ ከ100 እንደዚህ ካሉ ባልና ሚስት ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ከሁለቱ በአንዱ ላይ የክሮሞዞም አቀማመጥ ለውጥ ይገኛል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በተፈጥሮ መንገድ ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ። የሞተው ፅንስም ምክንያቱ እንዲታወቅ በአክብሮት ሊመረመር ይችላል። እነዚህ ምርመራዎች እውነትን ያሳውቃሉ እንጂ ማንንም አያስወግዱም።

፮. የቁምስናው ድርሻ

ሐና ልጅ አጥታ በቤተ መቅደስ ስታለቅስ ፍናና ታስቆጣት ነበር፤ ካህኑ ዔሊም ሰክራለች ብሎ ፈረደባት። እርሷ ግን ልቧን በእግዚአብሔር ፊት ታፈስ ነበር። ዔሊ ነገሩን በሰማ ጊዜ ቃሉን መልሶ ባረካት። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ከዚህ የሚማረው ከመፍረድ በፊት ማዳመጥን ነው። «አይሆንም» የሚለውን ትምህርት ብቻ ይዘን ሄደን ሴቲቱን ከሐዘኗና ከሐሜተኞቿ ጋር ትተናት ብንመለስ፣ ትምህርታችን እውነት ሆኖ ሳለ ፍቅራችን ጎደሎ ይሆናል።

ስለዚህ ፅንስ የተጨናገፈበትን ቤት እንደ ማንኛውም የሐዘን ቤት እንጎብኝ። ባልየውንም አንርሳ፤ እርሱም ልጅ ሞቶበታል። ወላጆቹ ቢወዱ ስለ ሐዘናቸው በመሥዋዕተ ቅዳሴ ጸሎት ይደረግላቸው። ወላጆቹ ሊያስጠምቁት አስበው ሳይጠመቅ ለሞተ ሕፃን የቀብር ሥርዓት እንዲደረግ ጳጳሱ ሊፈቅድ እንደሚችል የቤተክርስቲያን ሕግ ስለሚደነግግ፣ ቆሞሱን መጠየቅ ይቻላል። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ሳይጠመቁ የሞቱትን ሕፃናት ለእግዚአብሔር ምሕረት በተስፋ አደራ እንድንሰጥ ያስተምረናል።

እነዚህ ልጆች በእኛ ዘንድ ስም ባይወጣላቸውም በፈጣሪያቸው ዘንድ አልተረሱም። እናቶቻቸውም በእኛ ዘንድ የተረሱ አይሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሽልን በሚፈውስ ሕክምናና ሽልን በሚመርጥ ምርመራ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. በአካባቢያችን ፅንስ ስለሚጨናገፍባት ሴት ምን ይባላል? ከዚህ ውስጥ እውነቱና ሐሰቱ የትኛው ነው?
3. ቁምስናችን ለእንደነዚህ ያሉ ባልና ሚስት በዚህ ሩብ ዓመት ምን ሊያደርግ ይችላል?