«ብትታመሚ እናሳክምሻለን» ማለት ውል ነው?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ባለፈው ወር ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስለ ኢጃራ፣ ማለትም ስለ ቅጥርና ኪራይ ውል ስንማር፣ ከእህቶች በኩል በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ መጣ። የአንዲት ሞግዚት ጉዳይ ነው። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ሕፃን ስትይዝ ቆይታ ታይፎይድ ያዛት። አሠሪዋ ግል ክሊኒክ ወስዳ አሳከመቻት፤ መድኃኒትም ገዛችላት። ከዳነች በኋላ ግን ወጪው በሦስት ወር ከደመወዟ ተቆረጠ። አሠሪዋ «በክፉ ቀን ደርሼላታለሁ፤ ያወጣሁትን ቀስ ብላ መለሰች፣ ምን አጠፋሁ?» ትላለች። ሞግዚቷ ደግሞ ስትቀጠር ደላላው ፊት የተባለችውን አልረሳችም፦ «ብትታመሚ እናሳክምሻለን።» ጠያቂዋ እህት ከወረቀቱ ግርጌ «አሠሪዋ እናቴ ናት፤ እውነቱን ንገሩኝ» ብላ ነበር።

አብዛኞቻችን ወዲያው ፈረድን። ኡስታዛችን ግን «መጀመሪያ ውሉ ምን እንደሚል እዩ» አሉን። ውሉ ስለ ሕክምና ምንም አይልም። እንዲያውም ከወር ደመወዙ በቀር የተነጋገሩት ነገር አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን በኋላ ኪታብም የአገር ሕግም እያገላበጥን የደረስንበትን የያዘ ነው። ፈትዋ አይደለም፤ የየቤታችሁን ጉዳይ ዐሊም ጋር ይዛችሁ ቅረቡ።

ሞግዚት ማን ናት?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታቸው አሚና አብዋእ ላይ ሲሞቱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ ወደ መካ ይዘዋቸው የተመለሱት ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ናቸው፤ ስማቸው በረካ፣ ዘራቸው ሐበሻ። ነቢዩ ኋላ ነፃ አውጥተዋቸዋል፤ የኡሳማ ኢብን ዘይድ እናትም ናቸው። ነቢዩ ካለፉ በኋላ አቡ በክርና ዑመር ልክ እንደ እርሳቸው ልማድ ቤታቸው ሄደው ይጠይቋቸው እንደነበር ሙስሊም ዘግበዋል። እኛ ሐበሾች ይህን ታሪክ በኩራት እንተርካለን። እቤታችን ያለችውን አሳዳጊ ግን ብዙዎቻችን በስሟ እንኳ አንጠራትም፤ «ልጅቷ» ነው የምንላት።

ልጅ ስለምታሳድግ ሴት ደመወዝ ቁርአን በቀጥታ ተናግሯል። ሱረቱ አጥ-ጦላቅ ስድስተኛው አንቀጽ ላይ፣ የተፈታች እናት ልጁን ካጠባች ዋጋዋ እንዲሰጣት፣ ሁለቱም ወገኖች በመልካም እንዲመካከሩ፣ ካልተስማሙ ሌላ ሴት እንደምታጠባ ተመልክቷል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የገዛ ልጇን የምታጠባ እናት እንኳ ዋጋዋን መደራደር ትችላለች፤ አላህም ተመካከሩ ያለው ሁለቱንም ነው። ስለዚህ ሞግዚት ስለ ደመወዟና ስለ ጤናዋ መነጋገር ስትፈልግ «አፏ ከፈተ»፣ «ጎረቤት መከሯት» የምንለው ነገር መሠረት የለውም።

ዋጋው የታወቀ ይሁን

በኢጃራ ሥራውም ዋጋውም የታወቀ መሆን አለበት። ያልታወቀ ነገር ጠብ ያመጣልና። ዑለማኦች በዚህ ነጥብ ላይ በጣም ከመጠንቀቃቸው የተነሳ «በምግቧና በልብሷ ትቀጠር» በሚባል ውል ላይ ተለያይተዋል። ኢማሙ ሻፊዒይ ምግብና ልብስ መጠኑ ስለማይታወቅ አይበቃም ብለዋል። ኢማሙ ማሊክ ልማድ ስለሚወስነው ፈቅደዋል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ደግሞ በሌላ ሠራተኛ ከልክለው ለአጥቢ ሴት ብቻ ፈቅደዋል፤ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን በዚህም አልተስማሙም። የአቡ ሐኒፋ ምክንያት ያስገርማል፦ ሰው ለልጁ ሲል ለአጥቢዋ ይለግሳል እንጂ አይሰስትም፤ ስለዚህ ባይለካም ጠብ አይነሳም የሚል ነው።

ለእኛ ጥያቄ ይህ ትልቅ መለኪያ ነው። ፈቃዱ የቆመው ጠብ አይነሳም በሚለው ላይ ነው። የምግብ ጉዳይ ዛሬም እንደዚያው ነው፤ ቤት የተሠራው ወጥ ለሁሉም ይቀርባል (መቅረብ አለበት)። ሕክምና ግን እንደ ምግብ አይደለም። አንዱ ቀን በፓራሲታሞል ያልፋል፣ ሌላው ቀን ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። «እናሳክምሻለን» ያለው ሰው የትኛውን አስቦ ነው? ግል ክሊኒክ ወይስ ጤና ጣቢያ? እስከ ስንት ብር? ምላሽ የሌለው ቃል ነው፤ ስለዚህም ነው እዚያ ቤት ጠቡ የመጣው።

አሁን ብዙዎቻችንን ያስደነገጠውን እንንገራችሁ። በቀደምት የፊቅህ ኪታቦች የሕክምና ወጪ በአሠሪ ላይ በራሱ የሚወድቅ ግዴታ ሆኖ አልተቀመጠም። ሌላው ቀርቶ የሚስት የመድኃኒት ወጪን እንኳ የአራቱ መዝሀቦች ቀደምት ዑለማኦች አብዛኞቹ ከነፈቃ አልቆጠሩትም፤ የዘመናችን ዑለማኦች ናቸው በስፋት ያስገቡት። ስለዚህ «ደመወዝ ከከፈልኩ በኋላ ሸሪዓ ሌላ አይጠይቀኝም» የሚል አሠሪ ኪታብ ሊጠቅስ ይችላል። እኛ ደግሞ የምንመልሰው ሁለት ነገር አለን። አንደኛ፣ አቡ ዘር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ከእጅ በታች ያሉ ሰዎች ወንድሞች እንደሆኑ፣ ከሚበላው እንዲበሉ፣ ከሚለበሰው እንዲለብሱ፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳይጫኑ ታዟል። ይህ ስለ ባሪያ የተነገረ ከሆነ በነፃ ፈቃዷ ለተቀጠረች ሴት ይበልጥ ይገባል። ሁለተኛውና ወሳኙ፣ ሙስሊሞች በገቧቸው ቅድመ ሁኔታዎች የታሰሩ መሆናቸው ነው። ሕክምናው በውሉ ውስጥ ከገባ ግዴታ ሆነ፤ ካልገባ በአሠሪው ደግነት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ድርድሩ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

የሙሳ (ዐ.ሰ) ቅጥር ጥሩ ምሳሌ ነው። በሱረቱ አል-ቀሶስ የመድየኑ ሽማግሌ ስምንት ዓመት ብለው ቆረጡ፤ አሥር ከሞላህ ከአንተ በጎ ፈቃድ ነው፣ ላስቸግርህ አልፈልግም አሉ። ግዴታውና በጎ ፈቃዱ ከመጀመሪያው ተለይተው ተነገሩ። በእኛ ቤቶች ሁለቱ ተደባልቀው ነው ያሉት።

ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። ደመወዝ ሥራው ሲሠራ በአሠሪው ላይ ያለ ዕዳ ነው። ከእሱ ላይ የሚቀነሰው ሠራተኛዋ ብድር መሆኑን አውቃ የተቀበለችው ነገር ነው። «ና ልውሰድሽ» ተብላ የታከመች ልጅ ብድር አልወሰደችም። የተሰጠን ስጦታ መልሶ መውሰድ ደግሞ በሐዲስ ምን ያህል እንደተነወረ ሁላችንም እናውቃለን። ኡስታዛችንም በዚህ ተስማምተዋል። እናትየው ሲነገራቸው ተከራከሩ፣ ቆይተው ግን የተቆረጠውን መለሱ። አላህ ይቀበላቸው።

የአገራችን ሕግ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይሸፍንም፤ የቤት ሠራተኛና ሞግዚት የሚገቡት እዚያ ውስጥ ነው። ስለ እነሱ ያለው ሕግ በዋናነት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱም ከአሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛ ሲታመም አሠሪው እንዲያስታምምና እንዲያሳክም፣ ገደብ ያለው ቢሆንም፣ ግዴታ ይጥላል። ይህን የሚያውቅ አሠሪም ሞግዚትም እስካሁን አላገኘንም፤ የሕግ ተማሪ ወንድሞቻችንም ከእኛ ጋር ነው ያነበቡት።

የመድን መዋጮን በተመለከተ ሁለት ነገር አለ። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ለደመወዝተኞች የታሰበ ነው፤ በደንቡ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ያዋጣሉ። ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም ለድርድር መነሻ የሚሆን ሚዛን አለው። ደመወዟ በወር 4,000 ብር የሆነች ሞግዚት ብትሆን ከእሷ 120፣ ከአሠሪዋ 120፣ በዓመት 2,880 ብር ይሆናል። (የምህንድስና ተማሪ ያለ ስሌት አይጽፍም።) ሁለተኛው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ዓመታዊ ክፍያ ይከፈላል፣ አባሉ ውል ባላቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት ይታከማል፤ በጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል።

ችግሩ ምዝገባው በቤተሰብ መሆኑ ነው። ሞግዚቷ ብዙ ጊዜ መታወቂያዋ የገጠር ነው፤ ወላጆቿ እዚያ አባል ቢሆኑም ካርዱ የሚሠራው የዚያ ወረዳ መድን ውል በያዘባቸው ተቋማት ነው፤ አዲስ አበባ ታማ ስትተኛ አይደርስላትም። ስለዚህ ከመዋጮው በፊት የሚመጣው መታወቂያው ነው። አሠሪዋ ከመሸኛ ጀምሮ በነዋሪነት እንድትመዘገብ ካላገዘቻት ገንዘቡ ቢኖርም መድኑ የለም። ይህ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም በየወሩ የተስማሙበትን ገንዘብ በስሟ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ወለድ የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ።

«መድን ሐራም አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄም ተነስቷል። የዓለም አቀፉ የፊቅህ መጅመዕ እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ቋሚ ክፍያ ያለውን የንግድ መድን ከገረር የተነሳ ከልክሎ፣ በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር መድን አማራጭ አድርጓል። የማኅበረሰብ አቀፉ መድን አክሲዮን ያለው ባለቤት የለውም፣ ትርፍ አይከፋፈልበትም፣ መንግሥትም ይደጉመዋል። ለሁለተኛው የቀረበ መሆኑ ለእኛ ግልጽ ይመስላል፤ ወላሁ አዕለም።

እንዴት ይነገር?

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሞግዚቷ ከሥራ ልባረር ትላለች፤ አሠሪዋ ሌላም ትጠይቀኛለች ብላ ትሰጋለች። ጥሩው ጊዜ ስትቀጠር ነው፤ ካለፈ ደግሞ ደመወዝ ሲጨመር ወይም ከዒድ በፊት ስትሸኝ። ሕፃኑ እያለቀሰ፣ እንግዳ ተቀምጦ አይሆንም። «እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ። ብታመም እርስዎም እንዳይቸገሩ እኔም ዕዳ እንዳይሆንብኝ፣ በየወሩ እኔ ይህን ያህል ላዋጣ፣ እርስዎም ይጨምሩልኝ» ማለት ልመና አይደለም። አሠሪዋ ግማሹን አልችልም ካለች በደመወዝ ጭማሪው ፋንታ የመድኑን ሙሉ ክፍያ ትሸፍን። ሞግዚቷም «ጭማሪው በእጄ ይሻለኛል» የማለት መብት አላት፤ ታናናሾቿን የምታስተምር ልትሆን ትችላለች። ዋናው ነገር ምርጫው ተነግሯት መምረጧ ነው። ደላላው መሐል እንዳይገባ፤ የእሱ ጥቅም ሠራተኛ በተቀያየረ ቁጥር ነው።

እኛ ተማሪዎች የምንገባው እዚህ ላይ ነው። እረፍት ስንሄድ በቤታችን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን መቀመጥ እንችላለን። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ደመወዝ፣ የእረፍት ቀን፣ የመድን መዋጮ ከማን ስንት፣ በመድኑ የማይሸፈን ወጪ ቢመጣ ብድር ነው ወይስ ስጦታ። ማንበብ የማትችል ከሆነች ጮክ ብለን እናንብብላት፤ ከእሷ ወገን የሆነ ምስክርም ይቀመጥ።

ከመካከላችን እህቶቻቸው ዐረብ አገር ሕፃን የሚያሳድጉ አሉ። ለእነሱም ከመፈረማቸው በፊት ንገሯቸው፦ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመድን ሽፋን ወጪ ከአሠሪው ወገን ነው። በዱባይም የ2013ቱ የጤና መድን ሕግ አሠሪው እንዲከፍል፣ ወጪውን በሠራተኛው ላይ እንዳይጭን ያዛል። «መድንሽን ከደመወዝሽ ቆረጥኩ» የሚል አሠሪ እዚያ ሕግ ጥሷል። እህቱ ዱባይ ሆና ይህ እንዳይደርስባት የሚጸልይ ወንድም፣ እናቱ ቤት ያለችውን ሞግዚት መዝገብም ይመልከት።

የጠያቂዋ እህት ቤት አሁን ውሉ ተጽፏል። እናትየው የመዋጮውን ሁለት እጅ፣ ሞግዚቷ አንድ እጅ ያዋጣሉ፤ ነዋሪነቷም እየተጨረሰ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸው ተከራክረዋል፦ ካርዱ ሲወጣ የት ይቀመጥ? እናትየው እንዳይጠፋ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ ብለው ነበር። ሞግዚቷ «እሑድ ወጥቼ ብታመምስ?» አለች። ካርዱ ቦርሳዋ ውስጥ እንዲሆን ተስማምተዋል።